በር ማንኳኳት የተፈቀደላቸው ልጆች

ጥቅምት አጋማሽ ሲያልፍ ከአሜሪካ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚደወለው ስልክ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዘው መጥተዋል። ጥቅምት 21 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ ሃሎዊን ነው። የክፍል ጓደኞቻቸው አንዱ ነብር፣ አንዷ ጠንቋይ፣ ሌላው ዐፅም መስለው ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ሊሰበስቡ ነው። አባት ይሂዱ ወይስ ይቅሩ ብሎ ይጨነቃል። እዚህ ያለችው አያት ደግሞ የሰይጣን በዓል ነው ሲባል ሰምታለችና ልጆቼን አደራ ትላለች።

የአያቲቱን ስጋት አቃልዬ አላየውም። እንዲያውም ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ልጆቹ ሃሎዊን ይውጡ አይውጡ ከማለታችን በፊት ልንጠያየቅ የሚገባን ጉዳይ አለ። እነዚህ ልጆች ሆያ ሆዬ ጨፍረው ያውቃሉ? ደብረ ማርቆስ ያሉት የአክስትና የአጎት ልጆቻቸውስ ዘንድሮ ይጨፍራሉ?

ሃሎዊን ከሙታን መታሰቢያ ጋር የተያያዘ በዓል ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ የነበሩ የኬልት ሕዝቦች መከሩ አልቆ ጨለማውና ብርዱ ሲገባ ሳውን የሚሉትን በዓል ያከብሩ ነበር። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ኖቬምበር 1 ቀንን ለቅዱሳን ሁሉ፣ ማግስቱን ለሙታን ሁሉ መታሰቢያ አደረገች። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ በእነዚያ ቀናት ድሆችና ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ትናንሽ ቂጣ ይለምኑ ነበር። ቂጣውን የተቀበለ ሰው ለዚያ ቤት ሙታን ይጸልያል።

የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። በአርባኛው ቀን ተዝካር የሚያወጣ ቤተሰብ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ ካህናቱን፣ ነዳያኑንና የቆሎ ተማሪውን የሚያበላው ለሟቹ ነፍስ ይማር እንዲባልለት ነው። እህል ለሕያው ይሰጣል፤ ጸሎቱ ለሙት ይሆናል። ሃይማኖታዊ ትምህርቱ በብዙ ቢለያይም፣ በሟች ስም ደጅ ለቆመ ሰው መቁረስን ሁለቱም ያውቁታል።

አሜሪካ የደረሰው ሃሎዊን ግን ይህን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ አየርላንድ በረሃብ ስትመታ ውቅያኖሱን የተሻገሩ ስደተኞች ልማዱን ይዘውት ሄዱ። በአገራቸው ቀይ ሥር የመሰለውን ተርኒፕ ፈልፍለው መብራት ያኖሩበት የነበሩ ሰዎች አሜሪካ ላይ ትልልቅ ዱባ አገኙ። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሌሊቱ የጎረምሶች ሆነና አጥር መንቀል፣ መስኮት መስበር፣ የሰው ከብት ከበረት ማስወጣት በዛ። በሚኒሶታ ግዛት ያለችው አኖካ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1920 ለልጆቿ ሰልፍና ስጦታ ማዘጋጀት የጀመረችው ይህን ለማብረድ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የስኳር ራሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ሲነሣ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ጣፋጭ መቀበል በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ1950 የፊላደልፊያ ልጆች በወተት ካርቶን ሳንቲም ለቅመው ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት፣ ለዩኒሴፍ፣ መላክ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገቢ 17 ዶላር እንደነበር ይነገራል። የአሜሪካ የችርቻሮ ነጋዴዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካውያን ለሃሎዊን የሚያወጡትን 12.2 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። ጸሎቱ ቀርቷል፤ ዐፅሙ የግቢ ማስጌጫ ሆኗል።

የጎጃም ወላጅ ልቡ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ይገባልም። ባለፉት ዓመታት ከአማራ ክልል የወጣ ወሬ ስንቱን ቤተሰብ በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም፣ ሳሎን ውስጥ ለቅሶ አስቀምጧል። መርዶ በስልክ ሰምቶ፣ ቀብር ሳይደርስ፣ አፈር ሳያለብስ የቀረ አባት በጎረቤቱ ሣር ላይ የተተከለ የፕላስቲክ መቃብር እያየ ወደ ሥራ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ልጄን ዐፅም አላለብስም የሚል ሰው ትክክል ነው እላለሁ። ወቅቱም አለ። ጥቅምት 21 የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ሃሎዊን ወደ 20 ይወርዳል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ ጽጌ ነው። የፈቃድ ጾም ቢሆንም ጎጃም ውስጥ አጥብቆ የሚጾመው ብዙ ነው። እናት ጽጌን እየጾመች ልጅ የወተት ቸኮሌት በከረጢት ሞልቶ ሲገባ ቤቱ በሁለት አቆጣጠር መካከል ይቆማል።

ይህ ሁሉ እያለ ሃሎዊን ውስጥ የማከብረው ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ ሳይደዋወል በር የማይከፍት ኅብረተሰብ በዚያች ምሽት ለማንም ልጅ ይከፍታል። ልጁ የማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ቋንቋው ምንድን ነው ተብሎ አይጠየቅም። በረንዳው ላይ መብራት ከበራ አንኳኩ ማለት ነው፤ ከጠፋ አታንኳኩ ማለት ነው፤ ልጆቹም ይህን ያከብራሉ። ለወራት በአንድ መንገድ ሲኖር የጎረቤቱን ፊት አይቶ የማያውቅ የስደተኛ ልጅ በአንድ ምሽት የመንደሩን ሰው ሁሉ ያያል፣ የመንደሩም ሰው ያየዋል። ጥላቻ ሳይሆን ፈገግታ ይዞ የሚከፈት በር ለስደተኛ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ ወላጆች ሐበሻ ቀሚስ አልብሰው፣ ወይም ንጉሥ አስመስለው ዘውድ ደፍተውለት የሚያወጡት ይህን እንዳያጣ ብለው ነው። እነሱንም አልወቅስም።

የእኛ ልጆች ግን ይህ መብት ከጥንት ጀምሮ ነበራቸው፤ ቡሄ ነው።

ነሐሴ ላይ ጮቄ በጉም ተሸፍኖ ይውላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከዚህ ተራራ የሚነሡ ወንዞች ሁሉ ሞልተዋል፣ የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሜዳ ውኃ አቁሯል፣ እረኛው ገሳውን ደርቦ ከብቱ ኋላ ይንቀጠቀጣል። ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ አልተወም። ቡሄ የሚመጣው በዚህ መካከል፣ ነሐሴ 13፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጌታ በታቦር ተራራ ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን ዕለት ታስባለች። ልጆቹ ደግሞ ከሳምንታት በፊት ጀምረው ጅራፍ ሲገምዱ ከርመዋል። ቃጫ ወይም ልጥ ፈልጎ፣ አርሶ፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን እያሳነሰ የሚገምደው ልጁ ራሱ ነው። ጥሩ ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ ነው፤ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህን ማንም ሳያስተምረው የጮቄ እረኛ ከየት ጀምሮ መቅጠን እንዳለበት በእጁ ያውቀዋል። ሊቃውንቱ የጅራፉን ድምፅ ከደመናው በመጣው የአብ ድምፅ፣ ችቦውን በታቦር ብርሃን፣ ሙልሙሉንም በዚያ ብርሃን ተመስጠው በመስክ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው በወጡት ዳቦ ይመስሉታል።

ከዚያ በዋዜማው ማታ ችቦው ይበራል፣ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። የሆያ ሆዬ ነገር ከጭፈራው በላይ ሥርዓቱ ነው። አውራጅ አለ፤ ተቀባዮች አሉ። ሙልሙሉን የሚሸከም፣ ገንዘቡን የሚይዝ፣ የማይሰርቅ ተብሎ የታመነ ልጅ አለ። የትኛው ቤት ቀድሞ ይገባል ተብሎ ይመከራል። ሐዘን የገባበት ቤት ይታወቃል፤ እዚያ ሲደርሱ ጭፈራው ይቆማል። በመጨረሻም ክፍፍል አለ፣ ጠብ ያለው እሱ ላይ ነው፣ ፍርድ የሚማሩትም እሱ ላይ ነው።

አውራጁ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ልጅ ደጃፉ ላይ የቆመበትን ቤት ማወቅ አለበት። አባወራው መምህር ነው ወይስ ገበሬ ነው? በሬዎቹ ምን ይመስላሉ? እመቤቲቱ ጠላዋ ነው የሚመሰገነው ወይስ እጇ ነው የሚፈታው? ልጅ ድረዋል? አዲስ ቤት ሠርተዋል? ጋሼ የሚባሉት ናቸው ወይስ አያ? ግጥሙን እዚያው እየገጠመ ያወርደዋል። ካመሰገነ ትክክለኛውን ነገር ማመስገን አለበት፤ አለበለዚያ በር አይከፈትለትም፣ ጓደኞቹም ይታዘቡታል። ሰጪው ሲዘገይ በጨዋታ የሚሸነቁጥ ግጥም አለው። ሲሰጡት ደግሞ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ልጁን ሁሉ በስም እየጠራ ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ ብሎ ይመርቃል። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽማግሌ መርቆ ሲሄድ አስቡት። ቀኝ ጌታውም አስተማሪውም ነጋዴውም ቆመው አሜን ይሉታል።

ከሃሎዊን ጋር የሚለያዩበትን እዚህ ላይ አየዋለሁ። ሃሎዊን ላይ ልጁ ፊቱን ይሸፍናል፤ ማንነቱ አለመታወቁ የጨዋታው ደስታ ነው። የሚሰጠው ሰውም እየሳቀ ከረሜላውን ከረጢቱ ውስጥ ይጥልና በሩን ይዘጋል፤ ልጁ የሚከፍለው ነገር የለም። ቡሄ ላይ ፊቱን ገልጦ፣ ድምፁ ተለይቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቆ ይቆማል። ሙልሙሉን የሚቀበለው በግጥምና በምርቃት ከፍሎ ነው። ለዚህ ነው ቡሄ የጨፈረ ልጅ ሰፈሩን በቃሉ የሚያውቀው።

ጎጃም ላይ ደግሞ ይህ ልማድ ከእረኛ ልጆች ያልፋል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የሚዘረፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ከሩቅ አገር ለትምህርት የመጣ የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላው እየተከላከለ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ደጅ ይቆማል። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ከቤቱ የወጣ ልጅ ነው። ደብረ ታቦር፣ ማለትም ቡሄ፣ በተለይ የእነዚህ ተማሪዎች በዓል ነው። በዓሉ ሲቃረብ ስለ ደብረ ታቦር እያሉ እህል ይለምናሉ፣ የለመኑትን ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ጋግረው፣ ቅኔ እየተቀኙ በአንድነት ያከብሩታል። ቲያትር ጸሐፊው ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም የተወለዱት ሀዲስ ዓለማየሁም ያደጉት በዚሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ያለው በዛብህም የዚሁ ትምህርት ልጅ ነው። ደጅ የሚቆምን ልጅ ማብላት ጎጃም ውስጥ ሊቅ የማውጫ መንገድ ነበር፤ ያች አንዲት ጭብጥ ቆሎ የሰጠች እናት ሊቃውንቱን በማሳደግ ድርሻ አላት።

ሴቶቹም የራሳቸው አላቸው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጳጉሜ ላይ፣ የምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች እየዘፈኑ መስክ ይወርዳሉ፤ እንግጫ ይነቅላሉ። ሣሩን ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል። መስከረም 1 ጠዋት በእናት በአባታቸው ራስ ላይ ያደርጉታል፣ በምሰሶው ያስሩታል። እንግጫ ነቀላ ባለፉት ዓመታት ደብረ ማርቆስ ላይ በአደባባይ መከበሩ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁንና አደባባይ ላይ በመድረክ የሚታየውና እናት ቤት ገብቶ ምሰሶ ላይ የሚታሰረው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከቀረ የመጀመሪያው ትርዒት ብቻ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችና መዝናኛ ቤቶች ሃሎዊን መከበሩ በየዓመቱ ቁጣ ያስነሣል። ቁጣውን እረዳለሁ፤ ጉልበቱ ግን በሙሉ ወደዚያ መሄዱ ያሳስበኛል። ቡሄን ያደከመው ሃሎዊን አይደለም፤ ከእኛው ቤት የወጣ ነው። ግቢያችን በብሎኬት ታጠረ፤ በሩ ብረት ሆነ፤ ልጆቹ ደጅ ላይ ሲጮኹ ከውስጥ ሰሚ የለም። ሙልሙል መጋገር ቀረና በበሩ ሥር ብር ማሾለክ መጣ። ብሩ ሲመጣ ልጆቹም ተለወጡ፤ ግጥሙ አጠረ፣ ምርቃቱ ተጣደፈ፣ ቶሎ ወደሚቀጥለው በር መሮጥ ሆነ። ጅራፉም ሱቅ ገባ፤ ከሱቅ የተገዛ ጅራፍ ልጁን ምንም አላስተማረውም።

በዚህ ላይ የአማራ ክልሉ ጦርነት መጣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲታወጅ ለቡሄ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ነሐሴ 8፣ ከበዓሉ አምስት ቀን በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ በክልሉ በብዙ ቦታ የቡሄ ምሽት ድሮ የነበረው አልሆነም። ችቦ ይዞ በጨለማ መንገድ ላይ መታየት ወላጅን የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ጅራፍ ሲጮህ ተኩስ መስሎት ወደ እናቱ የሚሮጥ ልጅ ያለበት አገር ላይ ነው ያለነው። የገጠሩ ተማሪ ቤት የተዘጋበት፣ ታላቅ ወንድሙ ከቤት የወጣበት ልጅ አውራጅነትን ከማን ይማራል? ሆያ ሆዬ በመጽሐፍ አልተማርነውም። ከታላላቆቻችን ኋላ ተቀባይ ሆነን እየተከተልን ነው የያዝነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ተከታታይ ቡሄ ያልጨፈረ የልጆች ቡድን ሲያድግ ለታናናሾቹ የሚያወርሰው አይኖረውም፤ ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው።

ስደት ያሉት ወላጆች እዚህ ላይ ከእኛ የተሻለ ዕድል አላቸው። ነሐሴ 13 አሜሪካ ውስጥ ኦገስት 19 ነው፤ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም፣ አየሩ ሞቃት ነው፣ ማታው ረጅም ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ሙልሙል ይጋግራሉ፣ በግቢያቸው ችቦ ያበራሉ። ጥሩ ነው፤ ግን የሰው በር አይንኳኳም። በአንድ አፓርታማ ወይም በአንድ ሰፈር ያሉ የተወሰኑ የአበሻ ቤተሰቦች ቢስማሙና ልጆቻቸው ቤት ለቤት ቢዞሩ፣ አባቶች ከኋላ ቢከተሉ፣ እናቶችም የየቤቱን ሰው ስምና ሥራ አስቀድመው ለልጆቹ ቢነግሯቸው፣ ቡሄው ሙሉ ይሆናል። የአሜሪካ ጎረቤትስ ቢጨመር? ለልጅ በር መክፈት ያውቅበታል። ቡሄን ያገኘ ልጅ ጥቅምት ላይ ቤት ቢቀር ተነፈግሁ አይልም፤ ቢወጣም የሚያነጻጽረው ነገር ይኖረዋል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ነገሩን ለልጆቹ ብቻ መተው አይበቃም። እድሮቻችን የቀብር ድንኳን፣ የወንበርና የብረት ድስት ጉዳይ ለመነጋገር በየወሩ ይሰበሰባሉ። ሐምሌ ላይ ሲሰበሰቡ ስለ ነሐሴ 12 ማታም ይነጋገሩ። ጨለማው ካሰጋ ልጆቹ በቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ ይዙሩ። ከየጎጡ አንድ ወይም ሁለት ጎልማሳ አብሯቸው ይዙር። በየቤቱ ቢያንስ ጥቂት ሙልሙል ይጋገር፤ ዱቄት ለሌለው ቤት እድሩ ይስጥ፤ ዘንድሮ ዱቄት የሌለው ቤት ብዙ ነው። ከገጠር ተፈናቅለው ከተማ የገቡ ልጆች ሰፈሩን ስለማያውቁት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይቀላቀሉ፤ ሰፈሩ እንዲያውቃቸው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሰጪዎቹም የጭፈራው ምርቃት እስኪያልቅ ደጃፍ ላይ ይቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1920 የአኖካ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ አዋቂዎቹ ተቀምጠው የልጆቹን መንገድ፣ ሰዓትና ስጦታ ወሰኑ፣ ልጆቹም ሌሊቱን አገኙት። የእኛ እድሮች ከዚያ የበለጠ ልምድ አላቸው፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም የያዘ መዝገብ እጃቸው ላይ ነው፤ አውራጁ ልጅ የሚያስፈልገውም ያ መዝገብ ነው።